የዳገት ዕድር ሠላሳ አንደኛ ሟች

ዳገት የመረዳጃ ዕድር በተቋቋመ በሦስት ዓመቱ ሠላሳ ሰው ቀብሯል። ከሠላሳው አንዱም ተወልዶ አያውቅም።

ሁሉንም የወለደቻቸውም የገደለቻቸውም የዕድሩ ጸሐፊ ኖላዊት ናት። በአዘቦት ቀን መነጽር ቤት ተቀጥራ መስተዋት ትሞርዳለች። ወር ሊገባ ሲል ግን ወረቀት ይዛ ትቀመጥና አንድ ሰው ትፈጥራለች። ስም ታወጣለታለች፣ ዕድሜ ትሰጠዋለች፣ ሙያ ታስተምረዋለች፣ በሽታ ትመርጥለታለች፤ ከዚያ ቀብሩን ጣርማ በር አፋፍ ላይ አድርጋ ለጉዞ ማዕከል ታስታውቃለች። ስኳር የገደለው ንብ አርቢ ነበረ። ከጣሪያ የወደቀች የመብራት ሠራተኛ ነበረች። ሃያ ሰባተኛውን ሟች፣ አቶ ልሳኑ የሚባሉ ጡረተኛ የመዝሙር መምህር፣ በጣም ከመውደዷ የተነሳ ሞታቸውን አንድ ወር አዘግይታላቸዋለች።

እብደት አልነበረም። መኪና መንዳት ስለምትወድ ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነጭ መኪና መጥቶ ኖላዊት ደጃፍ ይቆማል። ሹፌር የለውም፤ መሪም የለውም። ገብታ ስትቀመጥ «ምክንያት?» ይላል። «ሥራ» ትላለች። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቶቹ እንደ ወተት ይነጣሉ፣ ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ በሩ መነጽር ቤቱ ፊት ይከፈታል። መስኮቶቹ የሚነጡት በጥናት ነው። ተሳፋሪ ውጭውን ካየ «እዚህ ጋ አቁሙልኝ» ማለት ያበዛል፤ አንዱ በቆመ ቁጥር ደግሞ የኋላው ይዘገያል።

ምክንያቶቹ አርባ ናቸው። ሥራ አንድ፣ ትምህርት ሁለት፣ ሕክምና ሦስት እያለ ይወርዳል፤ አርባኛው ለመንግሥት ንብረት ማስረከብ ነው። ምክንያት የሚነገረው በባለጉዳዩ አንደበት ብቻ ነው፤ እናት ለልጇ፣ አለቃ ለሠራተኛው መናገር አይችሉም። ስለዚህ ልጆች ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ ዝርዝሩን በቃላቸው ይይዛሉ። የሚጠይቀው ደግሞ መኪና ብቻ አይደለም። የሆስፒታሉ በር፣ የገበያው በር፣ የመጋዘኑ በር ሁሉ መጪውን «ምክንያት?» ይለዋል፤ መልሱ ከአርባው አንዱ ከሆነ ይከፈታል። ሰው ለምዶታል። ባል ከአልጋ ወርዶ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ «ምክንያት?» አለችው የሚል ቀልድ አለ፤ ሲነገር የሚስቅ ግን እየጠፋ መጥቷል።

አሥራ ዘጠነኛው ምክንያት ለቅሶ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ማዕከሉ ለቀስተኛንም እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በአቋራጭ፣ በየፊናው ሊያደርስ ሞክሮ ነበር። ሬሳው ከለቀስተኛው አርባ ደቂቃ ቀድሞ ደረሰ፤ የሟች ልጆች የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ ተገኙ። በነጋታው የከተማው ዕድሮች ድንኳናቸውን አውጥተው አስፋልት ላይ ተከሉና ሦስት ቀን ተቀመጡ። ማዕከሉ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሮ ያውቃል፤ ከዕድር ጋር የሚከራከርበት አንቀጽ ግን አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ የሚሄድ ዕድር እስከ አሥር መኪና አስከትሎ፣ በእጅ በሚነዳ መኪና፣ በፈለገው ፍጥነት፣ በድሮው መንገድ መሄድ ይችላል። በአገሩ ላይ መሪ ያላቸው መኪኖች የቀሩት በዕድሮች ግቢ ብቻ ነው።

ዳገት ዕድር ዘጠኝ አለው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኮተቤ ድሮ ነዳጅ ማደያ በነበረ ባዶ ግቢ ይሰበሰባሉ። የመኪኖቹ ሆድ ባትሪ ጎርሷል እንጂ መሪያቸው፣ ፍሬናቸው፣ ክላክሳቸው የጥንቱ ነው። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ናሆም ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቮልሳቸው ግን መቶ አሥር አልፏታል፣ አያታቸው ናቸው የገዟት። ኖላዊት የእናቷን ቪትዝ ትነዳለች። ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ዳግም የተባለ የሒሳብ መምህር የሚነዳው ዶልፊን ሚኒባስ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት በኋላ መስተዋቱ ላይ ያስጻፈው ጥቅስ አብዛኛው ለቆ «የጥሩዬ ወንድም» የሚለው ብቻ ስለቀረ ዕድርተኛው መኪናውን የሚጠራው በዚሁ ነው። ጥሩዬ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ጋሽ ናሆም ዘፋኝ ናት ይላሉ። ዳግም ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ነበረች፣ ሰውየው ሊለማመጣት ነው ያስጻፈው ባይ ነው።

ከመነሳታቸው በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ኮፈን ከፍተው ይተያያሉ። ጎማ በእግር ይነካካል፣ የሰው ፍሬን ይሞከራል፣ ምክር ሳይጠየቅ ይሰጣል። በዚያ የጥቅምት እሑድም እንደዚያው ነበር። ጋሽ ናሆም ዛሬ ላዳዋን ማን ሊገፋ ነው ብለው ጠየቁ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቮልስ እኮ ፊቷ የት፣ ኋላዋ የት እንደሆነ ለማወቅ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል» አላቸው የላዳው ባለቤት።

«ዋናው ዳገቱ ያውቃታል» አሉ ጋሽ ናሆም።

ከዚያ ሁሉም በየስፖኪዮው ጥቁር ጨርቅ አሰሩና ተነሱ። በጉዞ ላይ ያላቸው ሥርዓት አንድ ነው። ማንም የሚነዳው የፊቱን ለመድረስ ሳይሆን የኋላውን ላለማጣት ነው። የኋላህ ሰው ከስፖኪዮህ ከጠፋ ትቆማለህ፤ መቆምህን የፊትህ ያያል፣ እሱም ይቆማል። አንድ መኪና ጎማው ቢተነፍስ ዘጠኙም ሳይጠራሩ መንገድ ዳር ቆመው ይገኛሉ።

ኖላዊት ከሦስት ቀን በፊት ሠላሳ አንደኛውን ሟች ልትፈጥር ተቀምጣ ምንም አልመጣልሽ አላት። ያሰበችው ስም ሁሉ ከዚህ ቀደም የቀበረችው ሆነ፤ በሽታውም አለቀባት። መጨረሻ ላይ የዕድሩን ሰነድ ሳጥን ከፍታ የሚኒባሱን የድሮ ሊብሬ አወጣች። የመጀመሪያ ባለቤት፣ አቶ ታረቀኝ ወልደየስ ይላል። ወረቀቱ አርባ አምስት ዓመት ሆኖታል። ይኼማ ካረፈ ቆይቷል ብላ አሰበችና ስሙን ጻፈች። ጋሽ ናሆም አንድ ደንብ ብቻ ነበራቸው፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም አይነሳም፣ ሞት ስም ሲጠሩበት አቤት ይላል። እርግጠኛ መሆኗን ሲጠይቋት አዎ አለቻቸው። እርግጠኛ አልነበረችም።

ያላሰበችው ሌላም ነገር ነበር። ማዕከሉ የሞት ዜና ሲደርሰው ዘመድ ነው ብሎ ለሚያምነው ሁሉ ያዳርሳል። የፈጠረቻቸው ሠላሳ ሰዎች ዘመድ ስላልነበራቸው ይህን ደግነቱን አይታው አታውቅም።

ሸኖን አልፈው፣ ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ገብሱ በቢጫ ሜዳ ላይ ሲተኛ እያዩ ሄዱ። ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ማንም መስኮቱን አልዘጋም። ከመንገዱ በስተግራ፣ በአዲሱ ቀጥ ያለ መስመር ላይ፣ ነጫጭ መኪኖች መስኮታቸውን እንዳነጡ እየተከታተሉ ያልፋሉ። ከተራራው ሥር ሲደርሱ ወደ አዲሱ ዋሻ ገብተው በስድስት ደቂቃ ቆላ ይወጣሉ። የድሮው መንገድ ግን ይወጣል፣ ይጠመዘዛል፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው ሰማይና ጥልቀት ነው፤ እርከን በእርከን የወረዱ ማሳዎች፣ ከሩቅ እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ፣ ከእግር በታች የሚበር ጭልፊት።

ብዙ ጊዜ አፋፉ ላይ ከጭላዳ ዝንጀሮ በቀር የሚጠብቃቸው የለም። የዚያን ቀን ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ተነስቶ ራሱን አስተዋወቀ። ያፌት ይባላል፤ ከማዕከሉ የምክንያት ማጣሪያ ክፍል ነው የመጣው። ያመጣው ነጭ መኪና ምክንያቱ ስለተፈጸመ ጥሎት ሄዷል። ትሕትና አለው። ዘጠኝ መኪና ያለው ዕድር በሦስት ዓመት ሠላሳ አንድ ሰው መቅበሩን የሒሳብ ማሽኑ እንዳላመነው፣ እሱ ግን ሳያይ መፍረድ እንደማይወድ ነገራት። ቀብሩን አይቶ፣ ቀብር ከሆነ ነፍስ ይማር ብሎ ይመለሳል።

ሁለተኛዋ ስልሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጥቁር ጨርቅ የታሰረባቸውን መኪኖች ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ መጡ፤ ድምፃቸው ገደሉ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። ከሸዋ ሮቢት ነው የመጡት። ዜናው ደርሷቸው፣ ለነጩ መኪና «ለቅሶ» ብለው። ወንድሜ፣ ታረቀኝ፣ እያሉ ሬሳውን ፍለጋ በመኪኖቹ መካከል አለፉ። ከቮልሷ አንስቶ አንድ በአንድ ውስጡን እያዩ ወደ ኋላ ሄዱ። ሳጥን የሚችል መኪና ሚኒባሱ ብቻ ስለሆነ የኋላ በሩን ሊከፍቱ ዞሩና እጃቸውን እጀታው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ለቅሶው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ።

«ይኼ የሱ መኪና ነው» አሉ። በጣታቸው ፊደሎቹን ነኩ። «ጥሩዬ እኔ ነኝ።»

ከጋቢናው ወርዶ የነበረው ዳግም ቆቡን አወለቀ። ቀልዱን ሁሉ፣ ዘፋኟንም ፖሊሷንም፣ አንድ ጊዜ ያስታወሰ ይመስላል። መሬት መሬት አየ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ቀስ ብለው ነገሩን ተናገሩ፤ ለማንም ሳይሆን ለመስተዋቱ። ወንድማቸው በዚህች መኪና ከቆላ ወደ ደጋ ሰው ያመላልስ ነበር። ልጃገረድ ሳሉ ጋቢና አስቀምጧቸው በዚህ ጠመዝማዛ ይወርድ ነበር። ከዚያ የእጅ መሪ ተከለከለ፣ ሥራው ቆመ፣ መኪናውን ሸጦ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። አርባ ዓመት ሆነው። ሲጨርሱ ወደ ኖላዊት ዞሩ፤ ወረቀት የያዘችው እሷ ስለሆነች።

«የት አሳረፋችሁት ልጄ?»

ያፌት ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ጋሽ ናሆም ኖላዊትን ተጠግተው ከመንገዱ በታች ያለ የድንጋይ ክምር በዓይናቸው አሳዩዋት።

«እዚያ ነው በያቸው» አሉ በሹክሹክታ። «እሳቸውም ያርፋሉ፣ እኛም እናርፋለን።»

የከበደው ይኼ ነው፤ አባባላቸው ውሸት አልነበረም። አንድ ጣት ብታነሳ ሴትዮዋ ድንጋዩን አቅፈው አልቅሰው፣ አርባ ዓመት የተሸከሙትን አውርደው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ያፌት ነፍስ ይማር ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ዘጠኙ መኪኖች ይተርፋሉ፤ በሚመጣው ወር ሠላሳ ሁለተኛው ሰው ይሞታል። ኖላዊት ሠላሳውን ስትቀብር አንድ ሰው አላስለቀሰችም። በዚያም ትኮራ ነበር። አሁን ግን ፊቷ የቆሙት ሴት እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል።

«እማማ፣ እዚህ የተቀበረ ሰው የለም» አለች። ያፌትም እንዲሰማ አድርጋ ነው የተናገረችው። «ወንድምዎ ይሙቱ ይኑሩ አላውቅም። ስማቸውን ከመኪናቸው ሊብሬ ላይ ነው የወሰድኩት። ሰው ሞተ ካላልን መንዳት አይፈቀድልንም።»

«መንዳት» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ። «ወዴት?»

«እዚህ ድረስ።»

«እዚህ ምን አለ?»

ኖላዊት ወደ አፋፉ ዞረች። ጭልፊቱ አሁንም ከታች ይዞራል። «ይኼ» አለች።

ሴትዮዋ አላዩትም። እሷን ነው ያዩት፣ ረጅም ጊዜ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሞተ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። «የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ኖላዊት ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ለዚህ እንደማይበቃ አየችና መልሳ ዋጠችው። አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ብቻ አለች። ወይዘሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሱ፤ አራገፉት፤ ጥለቱን ወደ ቦታው መልሰው፣ ሰው ያልሞተበት ሰው እንደሚለብሰው አድርገው አጣፉት። ከዚያ ሄደው ሚኒባሱ ጥላ ሥር ተቀመጡና አፋፉን አዩ።

ያፌት መጣ። የተደሰተ አይመስልም ነበር።

«ወይዘሪት ኖላዊት፣ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም» አላት። «ግን እንደ ደንቡ አንድ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። ዛሬ የመጣችሁበት ምክንያት ከአርባው የትኛው ነው?»

«ከአርባው አይደለም። ለማየት ነው የመጣነው።»

«ለማየት የሚባል የለም።»

«ስለሌለ እኮ ነው ሠላሳ አንድ ሰው የገደልኩት።»

ያፌት ወደ ሌሎቹ ሄደ። ምክንያት በባለጉዳዩ አንደበት ብቻ ስለሚነገር ዘጠኙንም መጠየቅ ነበረበት። ዳግም ለማየት አለ። የላዳው ባለቤት ለማየት አለ። ማንም ማንንም አላማከረም፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም የሚቆሙበት ልማድ ነው ያናገራቸው። ጋሽ ናሆም ቮልሳቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁት።

«ለማየት» አሉት። «ለመታየትም ብለህ ጨምርልኝ። ቆንጆ ናት።»

ያፌት ከካፖርቱ ኪስ ያወጣው ትእዛዝ አጭር ነበር። ዘጠኙ መኪኖች ዛሬውኑ ከከተማው ዳር ወዳለው ማስረከቢያ ግቢ ይግቡ፤ በድሮው መንገድ ላይ ከባድ ጎታች መኪና ስለማይወጣ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው ነድተው ያድርሱ፤ ተቆጣጣሪው አብሮ ይሂድ። ያፌት አንብቦ ሲጨርስ የላዳው ባለቤት ፊቱን አዞረ። ሠላሳ ዓመት ያጠባት መኪና ናት።

ጋሽ ናሆም ትእዛዙን እንደገና እንዲያነብላቸው ጠየቁ። አነበበላቸው።

«የት እንደምናደርስ ይላል» አሉ። «በየት በኩል እንደምንሄድ ይላል እንዴ?»

ያፌት ወረቀቱን ገለበጠ። በየት በኩል የሚለው ለሰው የሚነገር ነገር መሆኑ ከቀረ አርባ ዓመት ስለሆነው ወረቀቱ ላይ ቦታ አልተተወለትም። «አይልም» አለ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ወደ ታች ነው» አሉ ጋሽ ናሆም። «ደብረ ሲና ወርደን፣ ተመልሰን እንወጣለን። ወደ ሞቱ የሚሄድ ሰው አይጣደፍም።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ሳይጠሩ ተነስተው ጋቢና ገቡ። ዳግም ቀበቶውን ሊያስርላቸው እጁን ሲዘረጋ እኔ ራሴ አውቅበታለሁ አሉት። ኖላዊት ከእያንዳንዱ ስፖኪዮ ጥቁሩን ጨርቅ ፈታች፤ ዘጠኙንም ጨርቅ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ያፌት ቪትዟ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠ።

መውረጃው ላይ እጁ የበሩን መያዣ ጨብጧል። ጋሽ ናሆም ከፊት በየኩርባው ክላክስ ያሰማሉ፤ ከኋላ ስምንቱ ይመልሳሉ፤ ተራራው ደግሞ ለሁሉም ይመልሳል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ያፌት እናቱ አምቡላንስ ውስጥ እንደሞተች ነገራት። ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከፊታቸው አራት ሰዓት የቆመ የመኪና ሰልፍ ነበር፤ ግማሹ ሊዝናና የወጣ ሰው። እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ እጇን ይዟል።

«ዝርዝሩን ያወጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም» አለ።

«አይደሉም» አለች ኖላዊት። እውነቷን ነው። «እናትህ የሄደችው ለሕክምና ነው፣ መንገዱ ይገባት ነበር። ግን ይኼ መንገድ ላይ አሁን ከኛ ፊት ማን አለ?»

ያፌት በመስኮቱ ወደ ፊት አየ። ከቮልሷ በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ወደ ጎን አየ፤ ፊቱን ወደዚያው አድርጎ ቆየ። ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ገብታ እርከኖቹን አንድ በአንድ ታበራለች። አንዲት ጭላዳ ልጇን አዝላ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሚያልፈውን ታያለች። አራት ኩርባ ያህል ሄዱ።

«እዚህ ጋ ማቆም ይቻላል?» አለ ያፌት።

ኖላዊት ቆመች። መቆሟን ጋሽ ናሆም በስፖኪዮ አይተው ቆሙ፤ የኋላዎቹም ቆሙ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ወይዘሮ ጥሩዬ ከሚኒባሱ ወርደው ከታች የሚታየውን አንድ ጣሪያ ለዳግም በጣታቸው አሳዩት። ያፌት እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ሲመለስ በሩን ራሱ ዘጋና፣ ይህ ሪፖርቱ ውስጥ እንደማይገባ፣ የሚገባበት ቦታም እንደሌለ ተናገረ።

ደብረ ሲና ደርሰው፣ ተመልሰው ወጥተው፣ ማስረከቢያው ግቢ በር ላይ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አጥሩ ረጅም ነው፤ በሩ ግራጫ ብረት። እሑድ ስለሆነ ሠራተኛ የለም፤ በሩ ብቻውን ይሠራል። በከተማው ዳር ያለ ሠፈር ነው፣ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ቮልሷ ተጠጋች።

«ምክንያት?» አለ በሩ።

ያፌት ከቪትዟ ወርዶ አጠገቡ ቆመ። አርባኛው ምክንያት ማስረከብ ነው ብሎ ለጋሽ ናሆም ሹክ አላቸው። ጋሽ ናሆም በደንብ እንደሚያውቁት ነገሩት፤ የልጅ ልጆቻቸውን ያስጠኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ።

«ለማየት።»

«በዝርዝሩ የለም» አለ በሩ። «ምክንያት?»

ጋሽ ናሆም ቮልሷን ወደ ጎን አድርገው ቦታ ለቀቁ። ኖላዊት ቀረበች። መሪው በመዳፏ ውስጥ ሞቆ ነበር። ያለ ሟች፣ ያለ ዕድሜ፣ ያለ በሽታ፣ በገዛ ድምፅዋ የዚህን ጉዞ ምክንያት ለማሽን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ለማየት።»

«በዝርዝሩ የለም።»

ላዳዋ ቀረበች፤ ሌሎቹም ቀረቡ፤ በመጨረሻ የጥሩዬ ወንድም ቀረበ። በሩ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቀ፣ ዘጠኝ ጊዜ ተመለሰለት፣ አልተከፈተም። ያፌት ራሱ ሞከረ። በሩ እሱ የሚያስረክበው መኪና እንደሌለው ነገረው። ትእዛዙን አወጣና አነበበ፤ መኪኖቹ ወደ ግቢው ይግቡ ይላል፣ ባለቤቶቹ ምን ይበሉ ግን አይልም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው እንደሚመጣ፣ በሩም በእጅ እንደሚከፈት ነገራቸው።

«ሰኞ እንግዲህ ሰኞ ነው» አሉ ጋሽ ናሆም፣ የቮልሷን የኋላ ኮፈን እየከፈቱ።

ያፌት የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅጹን መሙላት ጀመረ። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የሰማውን፣ ዘጠኝ ጊዜ ጻፈ።

የኮፈን ድምፅ ሲሰማ ሰው ከየበረንዳው ወረደ። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሙ፤ ከዚያ ቀረቡ። ሽማግሌዎች ላዳዋን እንደ ዘመድ ዳሰሷት። አንዲት ሴት ቪትዟ መስኮት ውስጥ ጭንቅላቷን አስገብታ መሪውን ይዛ ወደ ግራ አዞረችው፤ ጎማው አብሯት ሲዞር ደንግጣ ለቀቀችው፣ ከዚያ እንደገና ያዘችው። የላዳው ባለቤት ምክር ሳይጠየቅ መስጠት ጀምሯል። ኖላዊት ሃምሳ ሰው ስትቆጥር መቁጠሩን ተወችው።

አንድ ሰው ከሕዝቡ ኋላ መጥቶ ተከታትለው የቆሙትን መኪኖች አየና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እንዲህ የሚሰለፍ መኪና ለአንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ወደተቀመጡት ሴት ተጠግቶ ነፍስ ይማር አላቸው፤ ማን እንደሞተ ጠየቃቸው።

ወይዘሮ ጥሩዬ መስኮቱን እስከ መጨረሻው አወረዱት።

«ማንም አልሞተም» አሉት። «ና እይ።»